ኪራዩን ሳትነግሩት «ና» አትበሉት

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ቪዛ ያገኘ ሰው አሜሪካ ላለ ዘመዱ ደውሎ «የት ስቴት ልምጣ?» ሲል የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ና ብቻ፤ እዚህ ሀበሻ ሞልቷል፤ ሌላው ይደርሳል።» ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን መልስ ያልሰማሁበት የማኅበር ቤት፣ ያልሰማሁበት የለቅሶ ቤት የለም። ዘንድሮ ግን መልሱ በአንድ ቤተሰብ ላይ ያደረሰውን በዓይኔ አይቼ አንጀቴ አረረ።

ባልና ሚስት ሁለት ልጆች ይዘው ከአዲስ አበባ መጡ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ እሱ የባንክ ሠራተኛ፣ እሷ አስተማሪ። ፍሪጁን፣ ሶፋውን፣ አልጋውን ሸጠው ለቲኬትና ለመቋቋሚያ አደረጉት። የተቀበላቸው የሚስትየው የአጎት ልጅ ነው፤ የባለአንድ መኝታ አፓርትመንቱን ሳሎን በመጋረጃ ከፍሎ አራቱንም እዚያ አሳደራቸው። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን አልነካም። ነገር ግን «ና ብቻ» ባለበት ስልክ ላይ የኪራዩን ዋጋ አልነገራቸውም። «ለመሆኑ ቤት ስንት ነው?» ሲሉት «ምን አስጨነቃችሁ» ብሎ አለፈ፤ እነሱም ደግሞ መጠየቅ ነውር መሰላቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። እነዚሁ ሰዎች ሰሚት ከመግባታቸው በፊት ደላላ ይዘው ስንት ሰፈር ዞረዋል። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቀዋል። ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ ታንከር አለ ወይ፣ ማታ ከታክሲ ወርዶ እስከ በር ያለው መንገድ ጭር ይላል ወይ፣ ሁሉንም አጣርተዋል። አከራይዋ ዓመት ሳይሞላ ይጨምሩ እንደሆነ ከቀድሞው ተከራይ ሰምተዋል። ኮዬ ፈጬ ይረክሳል ሲባሉ «ሥራዬ ሜክሲኮ፣ ልጆቼ እዚህ፣ እንዴት አድርጌ?» ብለው ትተውታል። በዚያ ልክ የሚያሰላ ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሲመጣ ለምን አንዲትም ሳይጠይቅ ይመጣል? ቢጠይቅስ ለምን አይነገረውም?

ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ማዶ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ፣ ደህና የሚባል ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት በወር ከ2,000 ዶላር በላይ ነው፤ ስሌቱ እንዲቀል 2,100 እንበል። ብዙ አከራይ ኩባንያዎች የተከራዩ የወር ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ይህም 6,300 ዶላር ነው። አሁን ባልና ሚስቱ ሁለቱም በሰዓት 17 ዶላር የሚከፈልበት ሥራ አገኙ እንበል፤ ፓርኪንግ፣ መጋዘን፣ አረጋዊ መንከባከብ። በሳምንት 40 ሰዓት ሠርተው፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ ሁለቱ ተደምረው ወደ 5,900 ዶላር ገደማ ያገኛሉ። አልደረሰም። ደግሞስ ሁለቱም ቀን ከሠሩ ትንሹን ልጅ ማን ይይዘዋል? አንዱ ማታ አንዱ ቀን ገብተው በር ላይ እየተያዩ የሚኖሩ ስንት ትዳሮች እንዳሉ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። የአሜሪካ መንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት ራሱ ከገቢው ከ30 በመቶ በላይ ለቤት የሚያወጣን ሰው ጫና ያለበት ይለዋል፤ ከ50 በመቶ ካለፈ ከባድ ጫና። ከመካከላችን በዚህ በሁለተኛው መዝገብ ውስጥ ሆኖ «ና ብቻ» የሚል ስንት ሰው አለ!

ገቢው ቢሞላ እንኳ ክሬዲት የሚባል አለ። ሰው ብድሩንና ዕዳውን በጊዜው መክፈሉን የሚያሳይ፣ ከ300 እስከ 850 የሚቆጠር ነጥብ ነው፤ አዲስ መጪ ግን ዝቅተኛ ነጥብ እንኳ የለውም፤ ከነጭራሹ መዝገብ ላይ የለም። ባልየው አንድ አፓርትመንት ቢሮ ሄዶ ለራሱና ለሚስቱ የማመልከቻ ከፈለ፤ ከቀናት በኋላ «አልተፈቀደም» የሚል ኢሜይል መጣ፤ ገንዘቡ አይመለስም። ሌላ ቦታ ሄደ፤ እንደዚያው። አዲስ አበባ ቢሆን ከአከራይዋ ጋር ቡና ተጠጥቶ፣ የሚያውቅ ሰው አማላጅ ገብቶ፣ «ጨዋ ልጆች ናቸው» ተብሎ ነገሩ ያልቅ ነበር። እዚህ የሚማለደው ሰው የለም፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ብቻ ነው ያለው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ያስደነቃቸውም ነገር ነበር። አገር ቤት የአከራይ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ?» ነው፤ ሁለት ልጅ ያለው ሰው ስንት በር ተዘግቶበት እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። እዚህ በ1968ቱ (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ላይ በ1988 በተጨመረው ድንጋጌ መሠረት ልጅ ስላለው ብቻ ቤት መከልከል የተከለከለ ነው። ሚስትየው ይህን ስነግራት ለደቂቃ ዝም አለችና «ይሄንስ እኛም አገር ቢያመጡት» አለች። እውነቷን ነው። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የእኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲም ከ2024 ወዲህ ለነባር ሕንፃዎች ዓመታዊ ጭማሪው ከ6 በመቶ እንዳያልፍ አድርጓል። ሕጉ የሚያድነው ግን ቤት ውስጥ የገባን ሰው ነው። መጋረጃ ጀርባ ያለን ሰው ማን ያየዋል?

«ሀበሻ ሞልቷል» የሚለውም በደንብ ይታይ። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ሀበሻ የሞላው ዋሽንግተን ውስጥ አዳምስ ሞርጋን ነበር፤ 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶቻችን ተደርድረው ነበር። ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ወረደ፤ በ2005 እዚያ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም የተጠየቀው በዚያ ምክንያት ነው፤ ከነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመውና ቀረ። ዛሬ ምግብ ቤቱ እዚያ ቢኖርም የሚሠራበት ሰው የሚያድረው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው፤ ከዚያም አልፎ ጀርመንታውንና ዉድብሪጅ ደርሷል። ሲያትልም እንደዚሁ ነው፦ ቼሪ ጎዳና አካባቢ የነበረው ወገን ወደ ሬይነር ቫሊ፣ ከዚያ ወደ ቱክዊላ፣ ሲታክና ኬንት ተገፍቷል። ሀበሻው ራሱ ከኪራይ እየሸሸ ያለ ሕዝብ ነው። አዲስ መጪውን እኛው ሮጠን ወደምንሸሸው ቦታ ለምን እንጠራዋለን?

ታዲያ የት ይሂድ? ሁሉን አንድ ቦታ አልልክም፤ ሰው እንደ ሥራው፣ እንደ ልጆቹ ብዛት፣ እንደ ጤናው ነው። ግን ስቴትን ከስቴት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ባለሁለት መኝታ ቤት ከ1,500 ዶላር በታች ይገኛል፤ መጋዘኑ ብዙ ነው፤ ሀበሻም አለ። የኢትዮጵያውያን እጅ ያቋቋመው ኢትዮጵያን ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት ለስደተኞች አገልግሎት የሚሰጠው እዚያ ነው። ኪራዩ 1,400 ቢሆን ሦስት እጥፉ 4,200 ነው፤ ሁለት ሰው በሰዓት 15 ዶላር ቢሠራ እንኳ 5,200 ያገኛልና ያልፋል። ነገር ግን ከተማው ባቡር የለውም፤ አውቶቡስ ብቻ ነው። የሌሊት ፈረቃ ለሚገባ ሰው መኪና ግዴታ ነው፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳንዴ ሁለት መኪና። የመኪና ኢንሹራንስ ደግሞ አዲስ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሰው ውድ ነው። ይህን ያልደመረ ሰው ኮሎምበስ ረከሰች ብሎ ሄዶ እዚያ ይጣበቃል።

ቴክሳስ ሙቀቱን ለቻለ ሰው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ አለች፤ ሱቁም እንጀራውም ሞልቷል። «የስቴት የገቢ ግብር የለም» እያሉ ይጠራሉ። ልክ ነው፤ ግን ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም ከ2009 ጀምሮ ካልተነሳው የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ንቅንቅ አላለም፤ ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድንም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጎልማሶች ካላሰፉት ስቴቶች አንዱ ነው። ታማሚ ወላጅ ወይም የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ይዞ ለሚመጣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲያትል በተቃራኒው የ2025 ዝቅተኛ ክፍያዋ በሰዓት 20.76 ዶላር ነበር፤ ኪራዩ ያንኑ ይወስደዋል፤ ሆኖም ቱክዊላ ወይም ሲታክ ባቡሩ መስመር ላይ ቤት ያገኘ ሰው ለጊዜው ያለመኪና መኖር ይችላል። ሚኒሶታ ሴንት ፖል በ2021 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የኪራይ ጭማሪን 3 በመቶ ላይ ገድቧል፤ በኋላ ለአዳዲስ ሕንፃዎች ቢላላም። ብርዱን ግን ፎቶ አያሳይም።

«ቤተ ክርስቲያኑስ? ቡናውስ? ሰው ሲሞት የሚያለቅስልህስ?» ትሉኛላችሁ። አልንቀውም። ዕድር የሌለበት ቦታ መኖር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥራም ቢሆን የመጀመሪያው የሚገኘው በሰው ነው። ሆኖም የዛሬዎቹ አዲስ መጪዎች ቅዳሜም እሑድም ሥራ ገብተው ቅዳሴ ሳያስቀድሱ ወር የሚሞላቸው ኪራዩን ለመሙላት ነው። ሀበሻ መሃል እየኖሩ ሀበሻ አያገኙም። ኪራዩ አነስ ያለበት ከተማ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድን ዕረፍት ለሚያገኝ ሰው ትበቃዋለች።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ፤ ልቤን የሰበረው ይህ ነውና። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የመኖሪያ ማረጋገጫ ተጠየቁ። የኪራይ ውሉ (ሊዙ) ላይ ያለው የአጎት ልጅ ስም ብቻ ነው፤ «አዎ፣ እኔ ጋ ይኖራሉ» ብሎ ወረቀት መፈረም ነበረበት። ፈራ። ባለአንድ መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ሰው መኖሩን አከራዩ ቢያውቅ ሁላችንንም ያስወጣናል አለ፤ ፍርሃቱም ከመሬት የተነሳ አልነበረም። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳቸውም የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስማቸው ስላልተለጠፈ ሳይደርስ ቀርቶ እንደገና ሊጠይቁ ሄዱ። ልጆቹ ሳምንታት ሙሉ መጋረጃው ጀርባ ስልክ ሲያዩ ዋሉ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተው የማያውቁ ልጆች!

ማንም ያልነገራቸው ሌላ ነገር ነበር። ማኪኒ ቬንቶ የሚባል፣ በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ቤት መከራየት አቅቷቸው ከሰው ጋር ተዳብለው የሚኖሩ ልጆች ያለ መኖሪያ ማረጋገጫ ወዲያው እንዲመዘገቡ ያዛል። በየትምህርት አስተዳደሩ ይህን የሚከታተል ሰው መመደብም ግዴታ ነው። ይህን ሰምቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ቅጹ ላይ ግን ልጆቹን የሚጠራቸው «ቤት አልባ» ብሎ ነው። እናትየዋ እስክሪብቶውን አስቀምጣ «እኔ እኮ ቤት ነበረኝ» አለች። ብዙ ቆይታ ነው የፈረመችው።

በሕጉ አልተቆጣሁም፤ ልጆቹ በዚያው ሳምንት ክፍል ገብተዋል። የተቆጣሁት በኋላ በሰማሁት ነው። ኮሎምበስ የሚስትየው የኮሌጅ ጓደኛ አለች፤ ከመምጣታቸው በፊት «እኛ ሕንፃ ላይ ባለሁለት መኝታ ይለቀቃል፤ ልጠይቅላችሁ?» ብላት ነበር። ዘመድ ሁሉ ተነስቶ «ሥጋ ዘመድ እያለሽ ባዕድ ጋ?» ብሎ አስቀራት። እንዲያ ካሉት ውስጥ አንዱም የሲልቨር ስፕሪንግን ኪራይ አልጠቀሰላትም፤ የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና ዋጋውን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር።

አሁን ሚስትየው ከጓደኛዋ ጋር ስልክ ላይ ናት። ኪራዩን፣ ማስያዣውን (ዲፖዚቱን)፣ መብራትና ጋዙ በማን እንደሆነ፣ የመጋዘኑን ፈረቃ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ያለ ክሬዲት የሚቀበል አከራይ ይኖር እንደሆነ እየጠየቀች ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ልክ ሰሚት ከመግባታቸው በፊት እንዳደረገችው። ባልየው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ከሥራ መልስ ይለማመዳል። የአጎት ልጅ ለዲፖዚቱ የሚጎድለውን አበድራለሁ ብሏል። ትምህርት ሲዘጋ ይሄዳሉ።