ጩኸቱ ሲቀንስ

ሜሪላንድ ውስጥ ሮክ በሚያዳምጡ ጓደኞቼ ዘንድ አንድ ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። የአሜሪካው ሮክ ባንድ ሊንኪን ፓርክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ያወጣው «ዋን ሞር ላይት» አልበም ክህደት ነው ወይስ አይደለም? ባንዱን የወደዱት በ2000 በወጣው «ሃይብሪድ ቲዎሪ» ነው፤ ጊታሩ የሚያጓራበት፣ ዘፋኙ ቼስተር ቤኒንግተን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮህበት። በ2014 የሠሩትም ከባድ ነበር። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ጠፋ፣ ጊታሩ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ለፖፕ የቀረበ ለስላሳ ዜማ መጣ። አልበሙ በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ቢገባም ብዙ የድሮ አድናቂ «ለገበያ ሲሉ ተለወጡ» ብሎ ፊቱን አዞረባቸው።

ሐዋሳ ያለው የእህቴ ልጅ ግን ይህን ክርክር ጭራሽ አያውቀውም። የባንዱን ዘፈኖች ከቴሌግራም ሰብስቦ አውርዶ፣ የፊቱንም የኋላውንም ቀላቅሎ ነው የሚሰማቸው። የአሜሪካ አድናቂ ከባንዱ ጋር አልበም በአልበም አድጓል፤ ስለዚህ ለውጡን እንደ መከዳት ቆጠረው። እዚህ ሐዋሳ ተከዳሁ የሚል የለም፤ ዘፈኑ ወይ ይይዝሃል ወይ ታልፈዋለህ።

አንድ ምሽት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። ከኋላችን ባጃጁ ይንጫጫል፣ የስልኩ መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ከፈተልኝ፤ በካንሰር ስላረፈች አንዲት የሙዚቃ ኩባንያ ባልደረባቸው የተዘፈነውን። «አጎቴ፣ ይሄኛው አይጮህም፤ ግን ከሚጮኸው ይብሳል» አለኝ።

ልጁ እውነቱን ነው። ለእኛ ሰው ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ዓቢይ ጾም ሲገባ የሚደረደረውን በገና አስቡት። በየአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን ታነዝረዋለች፤ ከሮክ ጊታር መጎርነን ብዙም አይርቅም። ዘማሪው ግን አይጮህም። ዓለሙ አጋ ሞትንና ንስሐን ሲያዜሙ ጎረቤታቸውን የሚያነጋግሩ ነው የሚመስሉት። ከበገና የከበደ ሙዚቃ እኔ አላውቅም። ኀዘንን በለሆሳስ ማዜም ለኖረበት ሕዝብ፣ የለሰለሰ ሁሉ ቀለለ ማለት አይደለም።

ባንዱም የሠራበትን መንገድ ቀይሮ ነበር። ድሮ ሙዚቃውን አስቀድመው፣ ግጥሙን በኋላ ያስገቡ ነበር፤ በዚህኛው ግን ከግጥሙና ከዜማው ጀመሩ። ቃሉ ፊት ወጣ ማለት ነው። ቤኒንግተን አእምሮው እንደከበደው፣ ከራሱ ሐሳብ ማምለጥ እንደተሳነው ሳይሸፋፍን ዘፈነ። አድማጩ ግን ስለ ጊታሩ ይጨቃጨቅ ነበር። የቅርብ ወዳጁ፣ የሮክ ዘፋኙ ክሪስ ኮርኔል ሕይወቱን ያጠፋው አልበሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በጁላይ 20 ደግሞ ቤኒንግተን ራሱ በ41 ዓመቱ በዚያው መንገድ ሄደ። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ሲጮህ ጭንቀቱን ያመኑት ሰዎች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር አላመኑትም።

ከሞቱ በኋላ እዚያ ማዶ ብዙ ተወርቷል። ባለቤቱ ታሊንዳ ስለ አእምሮ ጤና በይፋ መናገር ጀመረች። ከ2022 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የጨነቀው ሰው 988 ብሎ መደወል ይችላል። ይህን እቀናበታለሁ። እኛ ዘንድ ነገሩ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ቤተሰብ ወደ ጸበል ይወስዳል፣ ለጎረቤት «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ሐኪም ቤት የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪሙም አብሮ ይኑር ነው የምለው። በሌላ በኩል ሜሪላንድ ቁጥሩ አለ፣ በር አንኳኩቶ «ምነው ጠፋህ?» የሚል ጎረቤት ግን ብርቅ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ቀን ከታጣህ ቤትህ ድረስ የሚመጣ አይጠፋም፤ ሲመጣ ግን የልብህን አውጥተህ አትነግረውም።

የእህቴን ልጅ ያንን ዘፈን ለምን እንደሚደጋግመው ጠየቅኩት። ለጓደኛው ነው አለኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ከሰው የራቀ ልጅ። ዘፈኑን ልኮለት ነበር። «ሰማኸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ፈርቷል።

ባንዱ በ2024 አዲሷን ዘፋኝ ኤሚሊ አርምስትሮንግን ይዞ ተመልሷል፤ ጩኸቱም አብሮ መጥቷል። የሜሪላንድ ጓደኞቼ ደስ ብሏቸዋል፣ እኔም ድምጿን ወድጄዋለሁ። የእህቴን ልጅ ግን በማግስቱ ጓደኛው ቤት ድረስ እንዲሄድ ገፋፋሁት፤ ሄደም።