አልጋ የጫነ መኪና ምን ያስቸኩለዋል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከብሎካችን ሥር ቆመን ስናወራ ስልካቸው ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ቫን አሳዩኝ። የኋላ ወንበሮቹን አውጥተው አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅና ምድጃ ሊያስገቡበት አስበዋል። እንግዶቻቸውን ላንጋኖ ዳር አሳድረው፣ ጠዋት ቡና አፍልተው ሊመልሱ። ሞተርሆም የሚባለው ዓይነት መኪና ማለት ነው።

«ልጄ፣ የቻርጁ ነገር ግን ያዋጣኛል?» አሉኝ።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። አዲስ መኪና የሚያስብ ሰው ስለ ሶኬት ማሰቡ አይቀርም።

እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ። ሁሉም ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፈጣን ቻርጀር የት አለ?» ብሎ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ዋናው ቀርፋፋው ቻርጅ ነው። አልጋውን ይዞ የሚሄድ መኪና ያድራል። ካደረ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ይችላል።

ቁጥሩን እንየው። የአሜሪካው ሞተርሆም አምራች ዊኔባጎ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢአርቪ2 የተባለ የሙከራ መኪና አሳይቶ ነበር። በፎርድ ኢ-ትራንዚት ቫን ላይ የተሠራ ነው። ባትሪው 68 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ አንዴ ሲሞላ የሚሄደው 174 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ፊቱ ሰፊ፣ ክብደቱም ብዙ ስለሆነ ከአውቶሞቢል በእጥፍ ይበላል።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ መንገድ ላይ አንዴ መቆም ግድ ነው። ዝዋይ ላይ 60 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ቢኖር፣ ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 45 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ዓሣ በልቶ ቡና እስኪጠጣ ማለት ነው። ከ80 በመቶ በላይ ባትሪው ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ቆሞ መጠበቁ ትርፍ የለውም። ላንጋኖ ከደረሱ በኋላ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ተራ ቻርጀር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ሙሉ አድርጎት ያድራል።

እዚህ ጋ ምጣዳችንን አስቡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ያ ቀርፋፋ ቻርጀር እንግዲህ ሁለት ምጣድ መሆኑ ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው ደግሞ 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ከአንድ ምጣድም ያንሳል። ሰፈራችን ይህንን መሸከም ይችላል፣ በተለይ ጋገራው አልቆ ሰው ሲተኛ። 120 ኪሎ ዋት የሚስብ ፈጣን ቻርጀር ግን በአንድ ጊዜ የተጣደ 34 ምጣድ ነው። ያለ ራሱ ትራንስፎርመር የሰፈሩ መስመር ላይ ቢሰካ ምን እንደሚሆን የዳር ከተማ ነዋሪ ያውቀዋል። የበዓል ዋዜማ ማታ አምፖሉ እንዴት እንደሚፈዝ እናያለን እኮ።

የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ኮርቻለሁም። የእኛ ችግር ግን ያለው መጨረሻ ላይ፣ ከትራንስፎርመሩ እስከ ቆጣሪያችን ባለው ሽቦ ላይ ነው። ስለዚህ ፈጣኖቹ ቻርጀሮች ከተማዋ መውጫ ላይ ይሁኑ። ቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ። እንደ ነዳጅ ማደያ በአንድ በኩል ተገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቦታ ይኑራቸው፤ ረጅም መኪና ወደ ኋላ እየነዳ ወረፋ መያዝ አይችልም። የቻይና መኪኖች ጂቢ/ቲ፣ የአውሮፓዎቹ ደግሞ ሲሲኤስ 2 ሶኬት ስላላቸው ሁለቱም ገመድ ይኑር።

ደጋው ራሱ ያግዘናል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር መኪናውን ብዙም ስለማይገታው ለሰፊ ፊት መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ናፍጣ ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪኩን አይነካውም። ብርድና ሙቀቱም ለባትሪው ልከኛ ነው።

ዓባይ በረሃ ግን ይለያል። 4 ቶን የሚመዝን መኪና ከድልድዩ ተነሥቶ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል። የዚያ ባትሪ ሩብ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ የተወሰነውን መልሶ ይሞላል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጎሃ ጽዮን ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ የሞላ ሰው ግን ይህ ያመልጠዋል፤ የሚገባው ኃይል ማረፊያ የለውም። ፍሬኑም ብቻውን ይለፋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሰፈሬ ነው። ከ3ኛ ፎቅ መስኮት ኤክስቴንሽን ወርውሮ መኪና የሚሞላ ሰው አይቻለሁ። ዝናብ ይመታዋል፣ ልጆች ይረግጡታል። ቀጭን ገመድ ሌሊቱን ሙሉ 10 አምፔር ሲሸከም ይግላል፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሰዎቹን አልወቅስም፣ ሌላ አማራጭ የላቸውም። እያንዳንዱ ብሎክ መኪና ማቆሚያ ላይ የራሱ ቆጣሪና መከላከያ ያለው፣ በወፍራም ኬብል የተዘረጋ የሶኬት ምሰሶ ያስፈልገዋል። ወጪውን ተጠቃሚዎቹ ሊጋሩት ይችላሉ።

ጎረቤቴ ከቆጣሪ ሳጥኑ እስከ ማቆሚያቸው በእርምጃ ለኩት። 42 ሆነ። የብሎካችን ኮሚቴ በሚመጣው እሁድ ይሰበሰባል፤ ሁለታችንም ስለ ምሰሶው ለመናገር ስማችንን አስይዘናል።