ጉዳዩ የት አለ?

አዳማ ውስጥ በንግድ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከአቅራቢዎች የሚደርሰን ደብዳቤ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምራል፤ ርዕሱ ግን «ጉዳዩ፦ ስለ ዕቃ» ከማለት አልፎ የትኛው ዕቃ፣ ምን ያህል፣ ለመቼ እንደሚፈለግ አይናገርም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት እንድናነሳ የተጻፈልን መልእክትም «በ5/6 በ3 ሰዓት» ይላል። ቀኑ የካቲት 5 ይሁን ጁን 5፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ይሁን በፈረንጆቹ ከቀትር በኋላ፣ መኪናና ጫኝ ቀጥሮ የሚጠብቅ ሰው በምን ይለየው? ደውለን ስንጠይቅ «ደብዳቤው ላይ ተገልጿል» እንባላለን፤ አልተገለጸም። ክፈሉ ወይም ላኩ የሚለው ዋናው ጥያቄ፣ ከተገኘ፣ ከምስጋናው ክምር ሥር ከፊርማው አጠገብ ተሸጉጧል፤ ግልባጩ ለእነማን እንደሚደርስ ግን በጥንቃቄ ተዘርዝሯል።