ካሜራህን ይዘህ ና

አቦ ዛሬ ልተንፍስ፤ ውስጤ ከርሞ ከሚፈነዳ እዚሁ ላፍስሰው።

ካሜራ ከያዝኩ ሰባት ዓመቴ ነው። እንጀራዬ አይደለም፣ እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ይሄ ሱሴ ነው። ድሬ ሰው በጫት ይታማል፣ እኔ በብርሃን። በነዚህ ሰባት ዓመታት ግን ብቻዬን የተጠራሁበት ድግስ ትዝ አይለኝም። የሚጠራው ካሜራው ነው። «ቅዳሜ የእህቴ ኒካህ ነው፣ ካሜራህን ይዘህ ና።» «እሁድ ክርስትና አለ፣ ካሜራዋን እንዳትረሳት።» አንዴ ባትሪ ቻርጅ ላይ እያለ መብራት ሄዶብኝ ባዶ እጄን ሄድኩ። ባለ ድግሱ በር ላይ ያየው ፊቴን ሳይሆን ትከሻዬን ነው። «የታለች?» አለኝ። እንዴት ዋልክ የለ፣ ግባ የለ።

ፎቶው ሲያምርስ? ከዚራ የድሬዳዋ ዛፍ ሲያብብ አይታችኋል አይደል? ለዓይን ገነት ነው፣ ለካሜራ ግን ፈተና። ፀሐይ ያረፈበት ላይ ቀዩ ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላና አንዱ አበባ ካንዱ የማይለይ የቲማቲም ድልህ ይሆንብሃል። ብርሃኑን ቀንሰህ ማንሳት አለብህ፤ ስትቀንስ ደግሞ ግንዱና ጥላው ከሰል ይሆናል። ሦስት ጠዋት ተመላለስኩ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ የድሬ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ለስላሳው ብርሃን አለቀ። በሦስተኛው ቀን የፈለግኩትን አገኘሁና ለጠፍኩት። የመጀመሪያው ኮመንት፦ «ዋው! ካሜራህ ስንት ነው?»

ወላሂ ስልኬን ልወረውረው ነበር።

አቧራውን እንኳ ለምጄዋለሁ። በባጃጅ እየሄድኩ ሌንስ የቀየርኩ ቀን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከሌንሱ ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ተቀመጠ። የሌንሱን ቀዳዳ በ1.8 በሰፊው ከፍተህ ስታነሳ አይታይም፤ በ16 ስታጠብበው የድሬ ጥርት ያለ ሰማይ ላይ ዝንብ የተበተነበት ይመስላል። እሱ የተፈጥሮ ነው፣ ይሁን። የማይሁነው ጓደኛዬ ነው። «ሌንሱ ቆሽሿል፣ ልጥረግልህ» ብሎ አፉን ከፍቶ «ሃ» አለበትና በቲሸርቱ ጫፍ አሸው። ገና ሳምቡሳ በልቶ እጁን አልታጠበም። ማታ ቤት ገብቼ መብራት ላይ ዘንበል ሳደርገው የአውራ ጣቱ አሻራ ከነመስመሩ፣ መታወቂያ ሊወጣበት ይችላል።

ጥበቃዎችስ? ከአንድ መስሪያ ቤት አጥር ውጪ፣ መንገድ ላይ ቆሜ የድሮ የእንጨት በር አነሳሁ። አጠገቤ አራት ልጆች በስልካቸው ሰልፊ ይነሳሉ፣ አንዱማ ቲክቶክ እየሰራ ይጨፍራል። ጥበቃው እነሱን አልፎ ወደ እኔ መጣ። «ፈቃድ አለህ?» «እነሱስ?» «እነሱ የያዙት ስልክ ነው።» የእኔ 24 ሜጋፒክስል ሰላይ ነው፣ የእነሱ 50 ሜጋፒክስል መዝናኛ።

ትራይፖድ ከዘረጋህማ አለቀልህ። መጋላ ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት በረንዳ ላነሳ ሦስቱን እግር ተክዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳይ፣ አንዲት እናት ከጎረቤት ብቅ አሉ። «የኔ ልጅ፣ የእኛም ይነካል?» ለካ ቀያሽ መስያቸዋለሁ፣ ለኮሪደር ልማት ልለካ የመጣሁ! ፎቶ ነው እማማ ብላቸው አላመኑኝም፤ ልጃቸውን ጠርተው እስክጨርስ አጠገቤ አቆሙት። እሳቸው ላይ ግን አልፈርድም፣ እኔም ብሆን ልጄን አቆም ነበር።

ዋናው ብሶቴ ሰርግ ነው። ያለኝ ደህና ሌንስ አንድ ነው፣ 50 ሚሊ ሜትር። ለአንድ ሰው ፊት ወርቅ ነው። ችግሩ የካሜራዬ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ይሆንብኛል፤ ማለትም ራቅ ብዬ መቆም አለብኝ። ሳቢያን፣ ሦስት በአራት ሳሎን ውስጥ ወዴት ልራቅ? አስራ አራት ሰው መጅሊሱ ላይ ተደርድሮ «ሁላችንንም አስገባ» ይለኛል። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። በሩን አስከፍቼ ወጣሁና የጫማ ክምር ላይ ቆምኩ፤ አሁንም ዳር ያሉት አጎት ግማሽ ናቸው።

«ዙም አድርገዋ!»

«ዙም የለውም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎትየው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና «ዙም የሌለው ካሜራ ምን ካሜራ ነው? ይሄ እንኳ አለው» አሉ። ዙም ቢያደርጉበት ጭራሽ አፍንጫቸው ብቻ እንደሚቀር በዚያ ሙቀት ማን ያስረዳቸው።

ከዚያ «አሁኑኑ ላክልኝ» ይመጣል። አንዱ ፎቶ ሳይነካ 25 ሜጋባይት ነው፤ ቀለሙ ገና ጥሬ ነው፣ ሊጥ ነው በለው። ሳልተኛ አስተካክዬ፣ ጥራቱ እንዳይወርድ በቴሌግራም በፋይል እልካለሁ። እሱ ምን ያደርጋል? ስክሪንሾት ያነሳዋል! ባትሪው 9 ፐርሰንት መሆኑ ከላይ እየታየ ፕሮፋይሉ ላይ ይለጥፈዋል። ሌላዋ ደግሞ «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» ትለኛለች። እህቴ፣ ያንን የጠይም ቆዳ ቀለም ለማውጣት ነው እኮ ሁለት ሰዓት የተቀመጥኩት!

እውነት ለመናገር ይሄ አገር ከጥንትም ለፎቶ ወዳጅ አልተመቸም። ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ ሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር ካሜራ ከአገሩ ድረስ አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን አንስቶ ለቤተሰቡ ላከ። ፎቶዎቹ ነጥተው ነበር፤ ያጠብኩበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጻፈላቸው። ሐረር በውሃ ማማረር የተጀመረው ዛሬ አይደለም ማለት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ ሰውዬው ራሱን ማንሳት መቻሉ።

ምክንያቱም እኔን የሚያነሳኝ የለም። የእህቴ ሰርግ ላይ ካሜራውን አስተካክዬ ለአንድ ዘመዳችን ሰጠሁት፣ «በዚህች ቀዳዳ እይና ይሄን ተጫን» ብዬ። እንደ ስልክ ክንዱን ዘርግቶ፣ የጠፋውን ስክሪን እያየ ተጫነ። ከኋላችን ያለው መጋረጃ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ጥልፉ ይቆጠራል። እኔና እህቴ ጭጋግ ነን።

ከ900 በላይ ፎቶ አነሳሁ በዚያ ቀን። በሳምንቱ አክስቴ ከጅቡቲ መጥታ አልበሙን ከፊት እስከ ኋላ ገልጣ ጨረሰችና መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «አንተ፣ የእህትህ ሰርግ ላይ የት ሄደህ ነው?» ሮጬ ሄጄ አንዱን ገጽ አሳየኋት፤ እህቴ ሂናዋን ስትሞቅ፣ ከኋላዋ ያለው የቁም ሳጥን መስታወት ላይ አንድ ክርንና የካሜራ ማንገቻ ይታያል። «ይሄ እኔ ነኝ» አልኳት። አክስቴ መነጽሯን መልሳ አደረገች፣ ጎንበስ ብላ አየች። «ካሜራዋ ታምራለች» አለች።

ለማንኛውም፣ ሰፊ ሌንስ የሚያውሰኝ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ለካኖን ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይበቃኛል፣ ቁጥሩ ከዚያ ከበለጠ ይጠብብኛል፣ አይሆነኝም። ቅዳሜ ሳቢያን ሰርግ ተጠርታለች።