ካልሞዱሊን የካልሲየም ማጠራቀሚያ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ሕክምና ትምህርት በተካሄደ ውይይት ላይ አንድ መምህር ካልሞዱሊን የተባለው የህዋስ ፕሮቲን ከባዮኬሚስትሪ ኮርስ ይቀነስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ፕሮቲኑ ትርፍ ካልሲየም መጥጦ ከመያዝ ያለፈ ሥራ ስለሌለው ለሐኪም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል አሉ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ከንግግሩ ይልቅ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው።

መጥጦ መያዝ? ካልሲየምን በመያዝ የሚታወቁ ፕሮቲኖች አሉ፤ ፓርቫልቡሚን አንዱ ነው። ካልሞዱሊን ግን አራት የካልሲየም አዮኖችን ሲይዝ ቅርጹ ይለወጣል፣ ኢንዛይሞችን አቅፎ ሥራ ያስጀምራቸዋል። መልእክት ተቀባይን ከጎተራ ጋር ማምታታት ለመምህር ነውር ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ልብ አለለት። ሰው ለካልሞዱሊን ሦስት ዘረመሎች አሉት፤ ከእናትም ከአባትም ስለሚወርሳቸው ስድስት ቅጂ ይሆናሉ። ስድስቱም የሚሠሩት 148 አሚኖ አሲዶች ያሉትን አንድ ዓይነት ፕሮቲን ነው። ሥራው መምጠጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ቅጂ ቢበላሽ አምስቱ በሸፈኑለት ነበር። አይሸፍኑለትም! እ.ኤ.አ. በ2013 ልባቸው በተደጋጋሚ የቆመባቸው፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሕፃናት ታሪክ ታትሟል፤ በሁለቱም ላይ የተገኘው በአንዲት ቅጂ ውስጥ የአንድ አሚኖ አሲድ መለወጥ ነበር። ካልሞዱሊን ገና ካልሲየም ሳይዝ በልብ ህዋስ የካልሲየም መግቢያ ቦይ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ካልሲየሙ ሲገባ ይይዘውና ቦዩን ያዘጋዋል። የተበላሸው ካልሞዱሊን ካልሲየምን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ቦታውን ግን አይለቅም። ጤነኛው ካልሞዱሊን እንዳይተካው ያግዳል፣ ቦዩ በጊዜው አይዘጋም፣ የልብ ምት ይዛባል። ይህን ታሪክ በመምጠጥ ማስረዳት የሚችል ካለ ይምጣና ያስረዳ።

ሐኪም አያስፈልገውም ለተባለውም መልሱ ቅርብ ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሕመምተኛ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃ የሚወስደው ታክሮሊመስ የተባለ መድኃኒት የሚያግደው፣ የበሽታ መከላከያ ህዋሳትን የሚቀሰቅሰውን ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም ነው፤ ካልሲኒዩሪንን የሚያነቃው ካልሞዱሊን ነው። መድኃኒቱን የሚያዝ ሰው ይህን ሳያውቅ ይመረቅ ማለት በሕመምተኛው ላይ መፍረድ ነው። የሰዓት እጥረት መኖሩን አልክድም። ለፈተና ተሸምድደው በማግስቱ የሚረሱ ሰንጠረዦች ግን ኮርሱን ሞልተውታል፤ ሰዓቱ ከእነሱ ይወሰድ።