ምኑን ልቆጥብ?

ስለ ቁጠባ ባወጡት ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወጪውን ቢመጥን መቆጠብ ይችላል» ብለዋል። እስቲ ጎንደር ይምጡና ያሳዩን። እኔ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ቢሮዬ ፒያሳ አካባቢ ነው። ደመወዝ እንደገባ የቤት ኪራይ፣ እቁብና ለእናቴ የምልከው ይወጣል። የቀረችው ለባጃጅና ለሽሮ ናት። ቤንዚን ጠፋ በተባለ ቁጥር ባጃጁ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጠዋት በእግሬ ነው። ከመሸማ ማን ይወጣል?

ግብሩም አለ። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ለዓመታት 600 ብር ላይ ቆሞ ቆየ። ሐምሌ 2017 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል እንደ ትልቅ ስጦታ ተወራ። ከዚያ በፊት ግን ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዘይቱም ሳሙናውም ተከትሎት ሄደ። ደመወዝ ተጨመረ ሲባል ደግሞ ከእኛ ቀድሞ የሚሰማው ነጋዴው ነው። ብሩ እጃችን ሳይገባ ሽንኩርቱ ላይ ተጨምሮ ይጠብቀናል።

ይህን ለማን ትናገራለህ? ስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ይባላል። ሁሉም አጎንብሶ ስልኩን ይነካካል። አፋችን የሚፈታው ሻይ ቤት ስንገባ ነው፤ እሱም ግራ ቀኝ ታይቶ።

ለማንኛውም፣ ቀጣዩ ጽሑፍዎ ስለ ቤት ኪራይ ቢሆን ደስ ይለኛል። አከራዬ ከመስከረም ጀምሮ ጨምሪ ብላኛለች።