በመነሳቱ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሰው

ወገኖቼ፣ ወንበር ላይ የምናረጅ የቢሮ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አለ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘና ሐኪሙ፣ "በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተህ ተንቀሳቀስ" አለው። ሰውየው ታዘዘ። ኮሪደሩን እስከ ደረጃው ሄዶ ይመለሳል። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። እኛ ታዲያ "ኃይሌ መጣ!" እያልን መሳቂያ አደረግነው። "ዛሬስ ሪከርዱ ተሰበረ?" የሚለውም አልጠፋም። ማኪያቶ ይዘን ግማሽ ሰዓት ስናወራ ግን የሚናገረን የለም። ተቀምጠናላ!

አንድ ቀን አለቃችን ስብሰባ መሃል፣ "ወንበሩ ይቆረቁርሃል እንዴ?" አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በማግስቱ ደብዳቤ መጣ። "በሥራ ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት ከመቀመጫዎ በተደጋጋሚ በመነሳትዎ" ይላል። ማኅተም አለው፣ ግልባጭ ለሰው ኃይል። ያመጣችው ደግሞ ተላላኪዋ ናት። በአለቃውና በሰውየው መሃል ያለው እኮ አንድ ግድግዳ ነው! ሰውየው አነበበው፣ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ለምሳ ካልሆነ አይነሳም።

ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

የሚሠራ ጡንቻ ስኳር ይበላል። ባታችንም ስንራመድ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል። ይሄ የትናንት ወሬ አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ሾፌር፣ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ከሚውለው ትኬት ቆራጭ ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቃ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መቀመጥን ቀንሱ ብሏል።

እኛ ግን እሁድ "መንገድ ለሰው" ላይ ቱታ ለብሰን ፎቶ እንነሳለን፤ ሰኞ ደግሞ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ላለ ፋይል ሰው እንልካለን። አያሳፍርም?

አሁን ተቆጥቼ ደክሞኛል። የቢሮ ጂም ይከፈት አልልም፤ ማን ሊከፍት! ስልክ ስታወሩ ቁሙ። ፋይላችሁን ራሳችሁ አምጡ። አለቆች ሆይ፣ ስብሰባው አንድ ሰዓት ካለፈ ሰዉን አስነሱት። ይሄም ከበደ? እሺ፣ ይቅር። የሚነሳውን ሰው ግን ተዉት። ለጊዜው እሱም ይበቃኛል።